ስኳር የተከለከሉ እልኸኞች

ሚጣ በሬዲዮ ቀርባ አርባ ደቂቃ ተናግራ ሰው የያዘላት ሦስት ቃል ብቻ ነው፦ «ካንሰር ስኳር ይወዳል»። ከዚያ በፊት ያለችው፣ ከዚያ በኋላ ያከለችው፣ «ይሁን እንጂ» እያለች የደረደረችው ሁሉ ውሃ በላው። ጋዜጠኛው ራሱ ከስቱዲዮ ሲሸኛት «እንግዲህ እኔም ከዛሬ ጀምሮ ሻይ ያለ ስኳር ነው» ብሎ እጇን ጨበጣት። እሷም ሳቀች። ያኔ መሳቅ ቀላል ነበር።

ሚጣ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። የካንሰር ሴል ምን እንደሚበላ፣ የበላውንም ምን እንደሚያደርገው ስታጠና አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። በሥራ ቦታዋ ዶክተር ትባላለች፤ ቤት ግን፣ ሽበት ጣል ጣል ካደረገባት በኋላም፣ ሚጣ ናት። ያሳደገቻት አክስቷ እቴቴ በሦስት ዓመቷ ሚጣ ብላ ጠራቻት፤ እቴቴ ደግሞ አንዴ የጀመረችውን ነገር የምትተው ሴት አይደለችም። ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምራ ጡረታ ስትወጣ ፈተና የምታርምበትን ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ነው የወጣችው። መንገድ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ውስጥ የቁጥር ስህተት ካየች ቆማ ታርማለች። ሰው ቢስቅባትም ግድ የላትም፣ ስህተቱ ከቀረ ይበቃታል።

ይህችው እቴቴ ባለፈው ዓመት መጨረሻ የአንጀት ካንሰር ተገኘባት። ቀዶ ጥገናው ደህና ሄደ። ከዚያ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ስድስት ዙር ታዘዘላት፤ ሦስቱን ወሰደች። ነገሩ የፈነዳው አራተኛውን ልትወስድ በሄደችበት ማክሰኞ ጠዋት፣ ሚዛን ላይ ቆማ ነው።

«ካፖርቱን ያውልቁት እናቴ» አለች ነርሷ።

«ይበርደኛል።»

«አንድ ደቂቃ እኮ ነው።»

«አንድ ደቂቃም ቢሆን ይበርደኛል» አለች እቴቴ። ይህን ስትል ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሎ ነበር።

ነርሷ ስንቱን ያየች ሴት ናት። ክርክር ውስጥ ሳትገባ እጇን ወደ ካፖርቱ ኪስ ሰደደችና አንድ ጓጉንቸር ቁልፍ አወጣች። ከሌላኛው ኪስ ሌላ ጓጉንቸር ወጣ። ከውስጠኛው ኪስ ደግሞ ልብስ ሰፊ ጨርቅ የሚቆርጥበት፣ ክንድ የሚያክል መቀስ መዘዘች። ሦስቱን ጠረጴዛው ላይ በሥርዓት ደረደረቻቸውና እቴቴን ዝም ብላ አየቻት። እቴቴም ካፖርቱን አወለቀች። ከሥሩ ሦስት ሹራብ ነበር፤ እሱም ወለቀ። ሚዛኑ አርባ ሰባት ነጥብ ስምንት አለ። ሕክምናውን ስትጀምር ሃምሳ ስድስት ነበረች።

ሚጣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ቀልቧ ተገፈፈ። በየሳምንቱ እሑድ እሷ ጋ ትሄድ የለም እንዴ? ትሄዳለች። አብረው ይቀመጣሉ፣ ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ። ለካ እስከዛሬ ስታይ የከረመችው ሹራቡን ኖሯል!

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ነገር አታለባብስም። ጓጉንቸሮቹን አየች፣ መቀሱን አየች፣ ወንበር ስባ ከእቴቴ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ባለፈውም ዙር እንዲህ ነበር?»

«ባለፈው መቀሱ አልነበረም» አለች እቴቴ በሐቅ።

«እናቴ፣ መድኃኒቱ የሚለካው በክብደት ነው። እርስዎ ጓጉንቸር ይዘው ሲመዘኑ እኛ ለጓጉንቸሩም ጨምረን ነው የምንሰጠው። ጓጉንቸሩ አይጎዳም፣ እርስዎ ግን ይጎዳሉ።» ከዚያ ድምፅዋን ለስለስ አደረገች። «በዚህ ክብደት አራተኛውን አልሰጥም፣ ሰውነትዎ አይችለውም። ሁለት ሳምንት አለዎት። ሃምሳ ይሙሉና ይምጡ። ዙሩ እንዲቋረጥ አልፈልግም፣ ካቋረጥን ከካንሰሩ የተረፈች ነገር ካለች ዕድል ሰጠናት ማለት ነው። ይብሉ!»

እቴቴ አንገቷን ነቀነቀች። ሚጣ ታውቃታለች፦ እቴቴ እንዲህ ስትነቀንቅ ሰምቻለሁ ማለቷ እንጂ እሺ ማለቷ አይደለም።

ቤት ሲደርሱ ወጥ ቤቱ ውስጥ ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ ቁጭ ብላ ትበላለች። ከፊቷ ማርማላታ የተለቀለቀ ዳቦ፣ አንድ ሙዝና ስኳሩ ከሥር የዘቀጠ ሻይ ቀርቦላታል። የምትበላው ግን እንደሚጣፍጠው ሰው አይደለም። ሥራ እንደያዘ ሰው ነው።

«መጣችሁ?» አለች አፏን እየጠረገች። «እኔ ይሄ ሦስተኛዬ ነው፤ አንዱ ይቀረኛል። እውነቴን ነው የምልሽ ሚጣዬ፣ ስኳር ሰለቸኝ። ቀሚሴ ሁሉ እንቢ አለኝ። የሰው ልብስ ማስፋት ትቼ የራሴን ነው የማሰፋው።»

«ታዲያ ለምን ትበያለሽ?»

«ማነጻጸሪያ ነኛ!» አለች ልብስ ሰፊዋ አፏን ሞልታ፣ ቃሉ ሹመት የሆነላት ይመስል።

እቴቴ በዓይኗ ልትከለክላት ሞከረች፤ አልደረሰችም። ሚጣ ዘወር ስትል ማቀዝቀዣው ላይ የተቀመጠ ባለ አራት ማዕዘን መስመር ደብተር አየች። አነሳችው። በግራ በኩል «እኔ»፣ በቀኝ በኩል «ማነጻጸሪያ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች አሉ። ከሥራቸው የስድስት ሳምንት ክብደት፣ የጠዋትና የማታ፣ በነጥብ ሳይቀር ተመዝግቧል። የግራው ቁጥር በየቀኑ ይወርዳል፣ የቀኙ በየቀኑ ይወጣል። መስመሮቹ በማስመሪያ ተሰምረዋል። ከሚጣ ላቦራቶሪ ደብተሮች መካከል ይህን ያህል ንጹሕ የለም።

«እቴቴ፣ ምንድነው የምትሠሪው?»

«አንቺ የምትሠሪውን ነዋ» አለች እቴቴ። «ስኳር አልበላም። ዳቦ አልበላም። ድንች፣ ሩዝ፣ ሙዝ፣ ወተት አልነካም። ሁሉም ሆድ ሲገባ ስኳር ነው ብለሽኛል።»

«እኔ? መቼ?»

«በስልክ። ዳቦስ ስኳር ይሆናል አልኩሽ፤ አዎ አልሽ። ድንችስ? ድንችም አልሽ። አንድ በአንድ ነው የጠየቅኩሽ፣ ቀኑንም ጽፌዋለሁ፣ ደብተሩ ላይ ፈልጊው።»

አስታወሰች። በዚያን ቀን በአንድ እጇ ስልኩን፣ በሌላው ኮምፒውተሩን ይዛ «አዎ እቴቴ፣ ድንችም» እያለች ትጽፍ ነበር። ትክክለኛ መልስ ነው የሰጠችው። ማን፣ ለምን እንደሚጠይቅ ግን ቆም ብላ አላሰበችም።

«ተሳስተሻል» አለች ሚጣ። «ሰው ስኳር ቢያቆም ካንሰሩ አይራብም። ጉበት ራሱ ስኳር ይሠራል፣ ከሥጋሽ እየቆረሰ ይሠራል። ካንሰሩ ይበላል፣ የምትራቢው አንቺ ነሽ።»

«ማስረጃ?» አለች እቴቴ።

«እንዴ! እኔ እየነገርኩሽ!»

«አንቺማ የነገርሽኝ ሌላ ነው። እሑድ እሑድ የላቦራቶሪሽ ካንሰር እንዴት ከረመ ስልሽ ምንድነው የምትይኝ? እየተራበ ነው። ሁልጊዜ እየተራበ ነው። ዛሬ እኔ ኪሎ ስለጎደለኝ መልሱ ይቀየራል? ሒሳብ እንዲህ አይሠራም፣ ሚጣ።»

እቴቴ ልክ ነበረች፣ ሚጣ በየእሑዱ እንዲያ ነው ስትላት የኖረችው። ውሸቱ የጀመረው በእውነት ነበር። ስኳር በከለከለቻቸው በመጀመሪያው ሳምንት ሴሎቹ እንደ ቅጠል ረገፉ፣ ሚጣም ላቦራቶሪው ውስጥ እስክስታ ልትመታ ምንም አልቀራት። ያን እሑድ «እየተራበ ነው» ስትል እቴቴ በደስታ ተነስታ አቀፈቻት። በሦስተኛው ሳምንት ግን ከሴሎቹ መካከል ጥቂቶች ሳይሞቱ ቀሩ። በሁለተኛው ወር ተባዙ። ስኳር ሲያጡ ግሉታሚን ወደሚባል ሌላ ምግብ ዞረው፣ ካገኙት ጋር ተስማምተው፣ ተንደላቀው ይኖሩ ጀመር። ስምንት ወራቸው ነው። ላቦራቶሪው ውስጥ «እልኸኞቹ» የሚል ስም ወጣላቸው። ሚጣ ለእቴቴ ልትነግራት በየሳምንቱ አስባ በየሳምንቱ ተወችው፤ ያንን እቅፍ ማጣት አልሆነላትም። ከእቴቴ መታመም በኋላ ደግሞ ጭራሽ አስፈራት። ካንሰር ይዟት የምትጠይቅን ሴት «አልተራበም» እንዴት ይሏታል?

«ነገ ላቦራቶሪ ይዤሽ እሄዳለሁ» አለች በመጨረሻ።

ልብስ ሰፊዋ ዳቦዋን አስቀመጠች። «እስከዚያ ልብላ ወይስ ልቁም?»

«ብዪ» አለች እቴቴ።

በማግስቱ ጠዋት የላቦራቶሪው በር ላይ የተቀበላቸው ጓንት ነው። ጓንት የሴል ማሳደጊያ ክፍሉ ባለሙያ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከሰላምታ በፊት «ጓንት!» ስለሚል ነው። እቴቴንም አልማራትም። ነጭ ጋዋን አለበሳት፣ ፀጉሯን ሸፈነላት፣ ጓንት አጠለቀላት፣ ከዚያ ነው ደህና አደሩ እናቴ ያላት። እቴቴ ወደደችው። ሥርዓት ያለው ሰው ትወዳለች።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ሁለት ማሞቂያ ሣጥኖች፣ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ መስተዋት የተገጠመለት የሥራ ጠረጴዛና የሚሽከረከር በርጩማ አለው። ሚጣ ከማሞቂያው ሁለት ጠፍጣፋ ጠርሙሶች አወጣች። በሁለቱም ውስጥ ሴሎቹ የሚኖሩበት ሮዝ ፈሳሽ አለ፤ አንዱ ስኳር ያለው፣ ሌላው የሌለው።

«ይህኛው ስኳር የሚበላው ነው። ይህኛው ስምንት ወር ሙሉ ስኳር ያልቀመሰው። እይ።»

እቴቴ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ማይክሮስኮፑ ላይ ተከለች። ብዙ ቆየች። የመጀመሪያውን አየች፣ ሁለተኛውን አየች፣ እንደገና ወደ መጀመሪያው ተመለሰች።

«በዓይን አይፈረድም» አለች። «እንዴት ነው የምትቆጥሯቸው?»

ጓንት ፊቱ በራ። እንግዳ ሁሉ «ዋው» ብሎ የሚሄድበት ክፍል ውስጥ እንዴት ትቆጥራላችሁ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ከሁለቱ ጠርሙሶች ናሙና ቀዳና ጥቃቅን አራት ማዕዘኖች በተሰመሩባት የመስታወት ስላይድ ላይ ጠብ አደረገ። በማይክሮስኮፑ ሲታይ ስላይዱ የእቴቴን ደብተር ቁርጥ ነው፤ ሴሎቹ በየሳጥኑ ተበትነዋል። በአንድ ሳጥን ስንት እንዳለ ይቆጠራል፣ ከዚያ ይባዛል።

«መስመር ላይ የተቀመጠውስ?» አለች እቴቴ።

«የላዩንና የግራውን መስመር የነካ ይቆጠራል፣ የታችና የቀኝ አይቆጠርም።»

«ደግ። አንዱ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር።»

ቆጠረች። ጓንት የሚይዝላት መቁጠሪያ ማሽን በጣቱ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ እሷ ግን ማሽኑን አላመነችውም፣ በአፏም ትቆጥራለች። አንዴ ጓንት ሲያባዛ ዜሮ ስታመልጠው ቀና ሳትል «አሥር ሺህ እንጂ ሺህ አይደለም» አለችው። «ይቅርታ» አለ ጓንት። በሥራ ዘመኑ ይቅርታ ሲል የሰማ ያለ አይመስለኝም። በመጨረሻ እቴቴ ሁለቱን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፈች። ስኳር የበሉት ጥቂት ይበልጣሉ። በጣም ጥቂት።

እቴቴ እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

«ይህን ካወቅሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?» አለች እቴቴ።

«ስድስት ወር ገደማ። ስምንት ወራቸው ነው፣ መባዛት ከጀመሩ ስድስት።»

«ስድስት ወር። በወር አራት እሑድ። ሃያ አራት ጊዜ ጠየቅኩሽ፣ ሃያ አራት ጊዜ ዋሸሽኝ።»

«እቴቴ...»

«ተማሪ ሲሳሳት ተቆጥቼ አውቃለሁ? አላውቅም። መልሱን አጥፍቶ ያላየሁ መስሎት የሚሰጠኝን ነው የምቆጣው። አንቺን እንዲህ አላሳደግኩሽም።» ወረቀቱን በጣቷ መታች። «ውጤት ይደበቃል? ይህ እኮ ውጤት ነው! አልሠራም ማለት ውጤት ነው!»

ጓንት ወደ ማሞቂያው ዞሮ የሌለ አቧራ ይጠርግ ጀመር። ሚጣ እንባዋ መጣ፤ ጓንት ባጠለቀ እጅ መጥረግ ክልክል ነውና ዝም ብላ አወረደችው። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ዶክተር ናት፣ እንደ ሰባት ዓመት ልጅ ታለቅሳለች፤ እኔ ግን አልፈርድባትም።

«አንቺ ደስ ስለሚልሽ ነው» አለች። «ከዚያ ታመምሽ። ታማ እያለች ተስፋ አላሳጣትም አልኩ። አንቺስ? አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም? ስድስት ሳምንት በረሀብ ስትሞች፣ ጓጉንቸር ተሸክመሽ፣ ለምን አንድ ቃል አልተነፈስሽም?»

«ብነግርሽ ታስቆሚኝ ነበራ።»

«አስቆምሽ ነበር!»

«ታዲያ!» አለች እቴቴ፣ ልክ የሒሳቡ መልስ የወጣ ይመስል። በርጩማው ላይ ተቀመጠች። በርጩማው ሊዞር ሲል ጓንት ያዘላት። «ጋዜጠኛው በሬዲዮ ሰው ላይ ሞክራችሁታል ወይ አለሽ። አንቺ ምን አልሽ? ገና ነው፣ ሰው ላይ እስካልታየ ድረስ ማንም አያምነንም አልሽ። ድምፅሽ ወረደ። እኔ ያንቺን ድምፅ አውቀዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚህ ክፍል ውስጥ ዓይንሽ እስኪጠፋ ስትለፊ ኖረሽ ሰው የለኝም ብላ ነው ብዬ አሰብኩ። ታዲያ እኔ ምን ጎደለኝ? ካንሰሩ አለኝ። ሚዛን አለኝ፣ ደብተር አለኝ፣ ጊዜ አለኝ። ማነጻጸሪያም ከጎረቤት አገኘሁ። ሕመሙ አንዴ ከመጣብኝ ዝም ብሎ ከሚሄድ ላንቺ እንኳ ይጥቀምሽ ብዬ ነው። ስድስተኛው ዙር ሲያልቅ ደብተሩን አስሬ ልሰጥሽ ነበር።»

ለሚጣ እስካሁን እቴቴ ራሷን ለማዳን የምትራብ ነበር የመሰላት። እሷ ግን ስትራብ የከረመችው ለሚጣ ነው። ተንበርክካ ጭንቅላቷን እቴቴ ጭን ላይ አደረገች፤ ጉልበቷ አጥንት ብቻ ሆኗል። በሕይወቷ እንዲህ ተወድዳ እንደምታውቅ አላወቀችም ነበር፣ እንዲህ አፍራም አታውቅም።

«ሙከራሽ ከሸፈ እቴቴ» አለች ከጭኗ ቀና ሳትል። «የኔም ከሸፈ።»

«አየሁ። ቆጠርኩ እኮ።»

ከዚያ በጣም በቀስታ፣ ሌላ ሰው የምትከስ በሚመስል ድምፅ፣ «ርቦኛል» አለች። «ሚጣ፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ ርቦኛል። ማታ ማታ ዳቦ በሕልሜ አያለሁ።»

«እዚህ ውስጥ መብላት ክልክል ነው» አለ ጓንት ከልማድ። ወዲያው ደነገጠ። ጓንቱን እያወለቀ ተንደርድሮ ወጣና ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ የራሱን ምሳ ዘረገፈ፦ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ ግማሽ ዳቦ፣ ሙዝ። እቴቴ ጋቢ እንደሚያወልቅ ሰው ነጩን ጋዋን ቀስ ብላ አወለቀችና ሄዳ ተቀመጠች። ዳቦውን ስትገምጥ ዓይኗን ጨፈነች። ጓንት ቆሞ ያያታል። «ቀስ ይበሉ፣ ጨጓራዎ አልለመደም» ይላል፤ ቀስ አላለችም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ሳምንት መብላት ነው። እቴቴ እንደ ማንኛውም ሥራ በዕቅድ ያዘችው። የሆስፒታሉ የምግብ ባለሙያ የሰጠቻትን ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጠፈች፣ ወረቀቱ ላይ አንድ የድምር ስህተት አግኝታ በቀዩ አረመች፣ ከዚያ በየሦስት ሰዓቱ በላች። አንዳንዱ ቀን መድኃኒቱ የተወው ማቅለሽለሽ ይነሳባትና የበላችው ሁሉ ይወጣል። ያን ጊዜ ትቀመጣለች፣ ውሃ ትጎነጫለች፣ ደግሞ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ልብስ ሰፊዋ ከማነጻጸሪያነት በክብር ተሰናበተች። ሆኖም በልማድ በየሰዓቱ እየመጣች ትቀመጣለች። አሁን ግን የራሷን ሻይ ሳይጣፍጥ እየጠጣች፣ የእቴቴን አፍ ትጠብቃለች። ሚጣ ከሥራ በቀጥታ ወደዚያው ትሄዳለች። ደብተሩ ላይ የስድስቱ ሳምንት ዓምድ ካለቀበት ሥር እቴቴ «አልሠራም» ብላ ጽፋ ፈርማበታለች። ሚጣም በዚያው ሳምንት እልኸኞቹን አንድ በአንድ የሚዘረዝር ጽሑፍ ጀመረች። የላቦራቶሪው ኃላፊ «ያልሠራ ነገር ማን ያነብልናል?» ሲላት «እኔ የማውቃት አንዲት አንባቢ አለች» አለችው። ገና ግን ሆዷ ውስጥ አንዲት የኀፍረት ድንጋይ አለች። አሥራ አንድ ዓመት ቀላል አይደለም።

ማክሰኞ ደረሰ። እቴቴ ካፖርት አልለበሰችም፣ ጫማዋንም አወለቀች፣ የጆሮ ጉትቻዋንም ሳይቀር ፈትታ ለሚጣ ሰጠች። ሚዛኑ ላይ ወጣች። ቁጥሩ ተወዛወዘና አርባ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት ላይ ቆመ።

አራት መቶ ግራም ይጎድላል።

ነርሷ ቁጥሩን አየች፣ እቴቴን አየች፣ በሩን አየች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሃምሳ ብዬ ልጻፈው?» አለች።

ሚጣ በሙሉ ልቧ «ጻፊው» ልትል ነበር። እቴቴ ቀደመቻት።

«ያየሽውን ጻፊ የኔ ልጅ» አለች። «መድኃኒቱ የሚለካው በዚህ ነው።»

ነርሷ ያየችውን ጻፈች። ሐኪሟ ወረቀቱን ተቀብላ ቆመች፤ ሚጣ ጉትቻዎቹ መዳፏን እስኪወጉ ጨብጣቸዋለች። ከዚያ ሐኪሟ የደም ምርመራውን ገለጠች፣ የእቴቴን ክንድ ዳሰስ አደረገች፣ የዓይኗን ሥር አየች።

«ሃምሳ ባልል ኖሮ እዚህም አይደርሱም ነበር» አለች። «በሁለት ሳምንት አንድ ነጥብ ስምንት ኪሎ፣ ያለ ጓጉንቸር። ደምዎም ተሻሽሏል። ጀምሩላቸው።»

መድኃኒቱ የሚሰጥበት ክፍል ሰፊ ነው። አሥራ ሁለት ወንበር፣ አሥራ ሁለት ሰው፣ ከየራሱ በላይ የተንጠለጠለ ከረጢት። ከእቴቴ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰውዬ ጉንጮቹ ወደ ውስጥ ገብተዋል። ሚስቱ አጠገቡ ቁጭ ብላ ማር የተቀባ ዳቦ ይዛ ትለምነዋለች።

«አንዲት ጉርሻ ብቻ።»

«ማር እኮ ስኳር ነው» ይላታል። «እሱን መቀለብ ነው። አልበላም አልኩሽ።»

እቴቴ መርፌው ክንዷ ውስጥ እያለ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ሚጣ ያንን አቀማመጥ ታውቀዋለች፤ ክፍል ውስጥ ከኋላ የሚያወራ ተማሪ ሲኖር የምትቀመጠው ነው።

«ስማኝ ወንድሜ» አለች እቴቴ፣ ሁሉም እንዲሰሙ አድርጋ። «ይህችን አየሃት? የኔ ልጅ ናት። ካንሰርን በስኳር ረሀብ ልትገድለው አሥራ አንድ ዓመት ለፋች። ስኳር ብትከለክላቸው አልሞት አሏት። እኔ ራሴ ቆጥሬያቸዋለሁ። ሙከራዋ ከሽፏል!»

ይህን የተናገረችው ልጄ ተመረቀች በሚባልበት ድምፅ ነው። ክፍሉ በሙሉ ወደ ሚጣ ዞረ። ሚጣ ፊቷ እስኪቀላ ጠበቀች፤ አልቀላም። ያች ድንጋይ ከሆዷ ውስጥ የት እንደሄደች አላወቀችም።

«እውነት ነው?» አላት ሰውዬው። «አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሚጣ። «አልሠራም። እሱ ከሌላ ያገኛል፣ ከሥጋዎ ያገኛል። የሚራቡት እርስዎ ነዎት።»

ሰውዬው ሚጣን አየ፣ ከዚያ ሚስቱን አየ። ሴትዮዋ እጇ ዝሎ ዳቦው ሊወድቅባት ደርሶ ነበር። ሰውዬው ተቀበላትና ገመጠ።